የኤርጃቦ ማመልከቻ ትክክለኛ ግልባጭ

ባለፈው ኅዳር፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ካፌ ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ ንጉሡ ዘመን ተጨቃጨቁ። እኔ ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ተቀምጬ የአዲስ አበባው አውቶቡስ እስኪሞላ እጠብቅ ነበር።

አንደኛው ጎልማሳ ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛው የመምህርነት መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ወጣት። የጭቅጭቁ መነሻ በነጋዴው ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ነበር፤ ከላይ ባለአንበሳ ማኅተም ያረፈበት ያረጀ ወረቀት። ፌስቡክ ላይ ሲዘዋወር ሰንብቷል።

"እስቲ እየው" አለ ነጋዴው። "ድሃ ለንጉሡ ጽፎ የሚሰማበት አገር ነበረን። ዛሬ አንተ ለቀበሌ ብትጽፍ ማን ያይልሃል?"

"ለምን ጻፈ በለኛ! ቢመቸው ይጽፍ ነበር?" አለ መምህሩ። "የጭሰኛ እንባ ነው ይሄ። እናንተ የሚታያችሁ ማኅተሙ ብቻ ነው።"

"እናንተ ማለት እነማን ነን?"

"ተወው በቃ።"

"አልተወውም። እናንተ ያልከው እነማንን ነው?"

አስተናጋጇ ማኪያቶ ያለበትን ሰሃን እንደያዘች ቆመች። ነጋዴው ድንገት ወደ እኔ ዞረና ስልኩን አቀበለኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን። የዚያን ዘመን ሰው ነዎት።"

መነጽሬን አደረግሁ። የወረቀቱ የታችኛው ግራ ጥግ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተቃጥሏል። ያንን ጥግ አውቀዋለሁ።

"አንብባችሁታል?" አልኳቸው።

"ጽሑፉ ደብዝዟል እኮ" አለ መምህሩ።

"ዋናው ማኅተሙ ነው" አለ ነጋዴው።

ፎቶውን በቴሌግራም እንዲልክልኝ ጠየቅሁትና ላከልኝ። ወዲያው የአውቶቡሱ ረዳት "የሞላ አዲሳባ! የሞላ አዲሳባ!" እያለ መጣ። በእርግጥ ገና አልሞላም ነበር። ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ለተጨማሪ አንድ ሰዓት ስንጠብቅ ያሰብኩት ከዚህ በታች ያለውን ነው።

በዜና ሥራ ረጅም ዘመን ኖሬያለሁ። ያላየሁትን አየሁ፣ ያልተባለውን ተባለ ብዬ ላለመጻፍ ተጠንቅቄያለሁ። ይህንን የጣስኩት አንድ ጊዜ ነው፤ የጣስኩትም ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት፣ በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ወደ ገጠር ገብቷል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ፣ ሆሳዕና ውስጥ ለአብዮት በዓል ይዘጋጅ በነበረ ኤግዚቢሽን ላይ በጊዜያዊ ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ርዕሱ "ያለፈው ሥርዓት ገጽታ" የሚል ነበር። ገጠር ለገጠር እየዞርን የዚያን ዘመን ዕቃ እንሰበስባለን፤ ጅራፍ፣ የእግር ብረት፣ የባላባት ካባ፣ ጭሰኛው እህል ይሰፍርበት የነበረ ቁና። የእያንዳንዱን ዕቃ ታሪክ እኔ በመዝገብ እጽፋለሁ። አለቃችን ጓድ ታደለ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ የተመደበ ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ጥርጣሬ እንደ ሥራ ተሰጥቶት ነበር።

እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። አባቴ ከሰሜን ሸዋ መጥቶ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሀዲይኛን የተማርኩት ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ ስንራገጥ ነው፤ መስማት እችላለሁ፣ ስናገር ይስቁብኛል። ቤታችን ውስጥ የንጉሡ ፎቶ ተሰቅሎ የነበረበት ሚስማር ነበር። አባቴ ፎቶውን ካወረደው በኋላ እዚያው ሚስማር ላይ የቀን መቁጠሪያ ሰቀለበት። አንዳንድ ቀን እራት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቢያንስ አቤት ብሎ የሚሰማ ነበር" ይላል። እናቴ መስኮቱን ታያለች።

ነሐሴ ውስጥ ከሆሳዕና ራቅ ብላ ወዳለችው ጊምቢቹ ተላክሁ። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ላንድሮቨሩ ከተማዋ ላይ አደረሰኝና ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለት ሰዓት በእግሬ ሄድኩ። ጫማዬ እንደ ጡብ ከብዶ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ላምቤቦ የሚባል ቀልጣፋ ወጣት ነው። ዕቃ እንደምሰበስብ ስነግረው በኩራት "የእኔ አጎት የንጉሥ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለው" አለኝ። ይህን በማለቱ ኋላ ምን ያህል እንደተጸጸተ አይቻለሁ።

አጎቱ አቶ ኤርጃቦ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። አማርኛቸውን የለመዱት በወጣትነታቸው ወንጂ ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ ነው፤ ንጉሡንም ሊቀመንበሩንም እኔንም እኩል "አንተ" ይላሉ። ባለቤታቸው ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረቡልኝ። ትኩስ ነበር፤ ከዚያ ጭቃና ዝናብ በኋላ ቶሎ ቶሎ ስበላ ሽማግሌው እያዩኝ ሳቁ። ከብቶቹ ከግርግዳው ወዲያ ሲተነፍሱ ይሰማል። ከዚያ ተነስተው ከጣሪያው ሥር አንድ የቀርከሃ ቱቦ አወረዱና ወረቀቱን አወጡ። ጥጉ አንድ ጊዜ ምድጃ ላይ ወድቆ የተቃጠለ ነው።

ታሪኩን እንዲህ ነገሩኝ። ይኖሩበት በነበረው መሬት ላይ አባታቸው፣ ከአባታቸውም በፊት አያታቸው እንሰት ተክለውበታል። በሕግ ግን መሬቱ በባላባቱ ስም ነበርና፣ ባላባቱ አንድ ቀን ለሌላ ሰው ሰጠው። ኤርጃቦ አንድ ማሰሮ ቅቤ ተሸክመው ሆሳዕና ሄዱ። ፍርድ ቤቱ ደጅ ባሕር ዛፍ ሥር የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። "የአባቴ መሬት ነው፤ መልስልኝ በለው" አሉት። ጻፈላቸው። በእግራቸው አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ፣ መንገድ ዳር ቆመው የንጉሡ መኪና ሲያልፍ ወረቀቱን ከፍ አድርገው አሳዩ። ከንጉሡ አጃቢዎች አንዱ ወረቀቱን ተቀበላቸው። ከቀናት በኋላ "ይጣራ" የሚል ጽሑፍና ማኅተም ተደርጎበት ተመለሰላቸው። ወደ አገራቸው ይዘውት መጡ። የአገሩ ሹም ዘንድ በሄዱ ቁጥር "ነገ ና" ተባሉ። እንዲህ እያሉ አብዮቱ ፈነዳ።

"ንጉሡ ሞተ አሉ" አሉኝ ወረቀቱን በመዳፋቸው እያስተካከሉ። "መልሱ ግን አልመጣም።"

"አሁን እኮ መሬት ላራሹ ሆነ፣ አባባ።"

"ሆነ። ደግ ነው። ለእኔም ሰጡኝ፤ ወንዝ ማዶ። የአባቴ መሬት ግን የማኅበሩ የጋራ እርሻ ሆነ። እንሰቱን ነቀሉና በቆሎ ዘሩበት።"

"ወረቀቱን ለኤግዚቢሽኑ ቢሰጡን በመስታወት ውስጥ በክብር ይቀመጣል።"

"ክብር ምን ያደርግልኛል? ጉዳይ ነው ይሄ። ጉዳይ ያለው ሰው ወረቀቱን ይሰጣል?"

ጠቅልለው ቱቦው ውስጥ መለሱት። እኔም በመዝገቤ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "የቀድሞው ንጉሥ ማኅተም ያለበት ወረቀት። ባለቤቱ በክብር ይዘውታል። ለመስጠት ፈቃደኛ አይደሉም።" ሦስቱም ዓረፍተ ነገር እውነት ነበር። ወረቀቱን ግን አላነበብኩትም።

ጓድ ታደለ መዝገቤን ቢሮው ውስጥ ሲያገላብጥ እዚያ መስመር ላይ ጣቱን አቆመ።

"በክብር?"

"ማለቴ፣ በጥንቃቄ..."

"የጻፍከው በክብር ነው። ማኅተሙን በክብር ይዞ ለአብዮቱ አልሰጥም ያለ ሰው።"

የዚያን ጊዜውን ነገር ዛሬ ለወጣቶች ማስረዳት ይከብዳል። ገበሬው የእህል ኮታ ይጣልበት፣ ልጁም ለጦርነት ይወሰድበት ነበር። ስለዚህ በንጉሡ ጊዜ የተገፋው ጭሰኛ ራሱ፣ ገበያ መሃል "ጃንሆይ ይሻሉን ነበር" ብሎ ሲተነፍስ ይሰማል። ያለፈውን መናፈቅ ያኔ በሹክሹክታ የሚነገር ነበር፤ "የድሮ ሥርዓት ናፋቂ" የተባለ ሰውም ከሆሳዕና እስር ቤት መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ አልነበረም። ኤርጃቦን እዚያ ሊያስገባ የሚችለው የእኔ አንድ ቃል ነበር።

በሳምንቱ ሄድን። ስብሰባው የተጠራው ቀድሞ ጸሎት ቤት በነበረ፣ ከታሸገ በኋላ የማኅበሩ አዳራሽ በሆነ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚዎቹ የጸሎት ቤቱ ናቸው፤ ሰባኪው ይቆምበት የነበረው ከእንጨት የተሠራ ማንበቢያ የላምቤቦ ማኅተም ማስቀመጫ ሆኗል። ኤርጃቦ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ቀድሞም ለጸሎት የሚቀመጡት እዚያው ላይ እንደነበር ኋላ ሰማሁ።

ጓድ ታደለ ስለ አድኃሪያን ተናገረ። ላምቤቦ እያላበው ወደ ሀዲይኛ መለሰው። በመጨረሻ ወደ አጎቱ ጎንበስ ብሎ በሀዲይኛ "ስጣቸውና ይተዉህ፤ እለምንሃለሁ" ሲል ሰማሁት።

ኤርጃቦ ተነሱ። "ናፋቂ አልክ" አሉት ጓድ ታደለን በአማርኛ። "ይነበብ። ሰው ሁሉ ይስማ። ከተጻፈ ጀምሮ ማንም አላነበበልኝም። የምለው እዚህ ላይ አለ።"

"ማን ያንብበው?"

ወደ እኔ ጠቆሙ። "እሱ። ቆጮዬን በልቷል።" ሰዉ ሳቀ። ጓድ ታደለም ፈገግ አለ።

ወረቀቱን ግን አልለቀቁልኝም። በሁለት እጃቸው ዘርግተው ያዙት፤ እኔ ከትከሻቸው አጠገብ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ቀለሙ በጭስ ቡናማ ሆኗል፤ እንዲህ ያለውን የእጅ ጽሕፈት ግን ከአባቴ መዝገብ ቤት ለምጄዋለሁ።

"ግርማዊ ሆይ፤ ለድኻ አባት፣ ለተበደለ ዳኛ የሆኑትን የንጉሠ ነገሥታችንን ዕድሜ እግዚአብሔር ያርዝምልን።" ላምቤቦ ተረጎመ።

ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ የሚቀጥለውን መስመር አየ። እንዲህ ይላል፦ "እኔ ከእግርዎ ሥር የወደቅሁ አሽከርዎ ኤርጃቦ፣ ከአባቴ ጀምሮ በጌታዬ መሬት በደስታ ተጠግቼ የምኖር ጭሰኛ ነኝ። ጌታዬ መሬታቸውን ለሌላ ሰው ስለ ሰጡ፣ የተከልኩት እንሰት እስኪደርስ ድረስ በጌታዬ መሬት እንድቆይ ምሕረት ይደረግልኝ ዘንድ እለምናለሁ።"

ይመለስልኝ የሚል የለም። የአባቴ መሬት የሚል የለም። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ማመልከቻ ጸሐፊው ለደንበኛው የለመነለት ያንን ያህል ጊዜ ብቻ ነበር።

"ቀጥል እንጂ!" አለ ጓድ ታደለ።

ሽማግሌው አጠገቤ ቆመዋል። እኔ አነበብኩ፦ "እኔ ኤርጃቦ፣ ከአያቴ ጀምሮ በአባቴ መሬት የምኖር ነኝ። ባላባቱ መሬቱን ለሌላ ሰው ሰጠብኝ። የአባቴ መሬት እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።"

ላምቤቦ ሲተረጉም ኤርጃቦ በየቃሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኋላ ያሉ ሽማግሌዎች "ልክ ነው፣ የሃንዳሞ መሬት ነው" አሉ። ሃንዳሞ አባታቸው ናቸው።

ጓድ ታደለ ብድግ ብሎ ቀረበ። አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን ያይ ጀመር። ትንሽ ታገለና "ይሄ ጽሑፍ ነው የዶሮ ጭረት?" ብሎ ቀና አለ። ከዚያ ፊቱ በራ። "ይሄማ የጭቁኑ ገበሬ ድምፅ ነው! መግቢያው ላይ ነው የሚሰቀለው። ስጡን!"

"እጄን ቆርጠህ ውሰደው" አሉ ኤርጃቦ።

ወረቀቱ ከተሰቀለ ሆሳዕና ውስጥ የማመልከቻ እጅ ጽሕፈት የለመደ ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ "ግልባጭ ልውሰድ፣ ጓድ" አልኩ። ማንበቢያው ላይ ተደግፌ ጻፍኩ፤ የጻፍኩት ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን ያነበብኩትን ነው። ከግርጌው "ትክክለኛ ግልባጭ መሆኑን አረጋግጣለሁ" ብዬ ፈረምኩ። ላምቤቦ በማኅበሩ ማኅተም አተመበት። ኤርጃቦን የነካቸው የለም።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ግልባጩ በትልቅ ጽሕፈት ተባዝቶ መግቢያው ላይ ተሰቀለ። አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፊቱ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ሲያነበው አየሁት። ቤት ስንገባ፣ ምሳ ላይ፣ እንዲህ አለኝ፦

"ያን ማመልከቻ ማን ጻፈው?"

"ፍርድ ቤት ደጅ የነበረው ጸሐፊ ነዋ።"

"አይደለም። ማመልከቻ እንዲህ አይጻፍም። ለንጉሥ መሬቴን መልስ ተብሎ አይጻፍም፤ ይለመናል እንጂ። እንዲህ ተጽፎ ቢመጣ መዝገብ ቤት አይቀበለውም። እኔ ራሴ እመልሰው ነበር።" እንጀራ ቆረሰና ጨመረ፤ "ስንቱን መልሻለሁ።"

ዋናው ምን እንደሚል ነገርኩት። የቆረሰውን እንጀራ ወደ ትሪው መለሰው።

"አዎ" አለ። "እንደሱ ነው የሚጻፈው።"

ሚስማሩን ወይም የቀን መቁጠሪያውን አላየም። "አቤት ብሎ የሚሰማ ነበር" የምትለዋን ከዚያ ቀን በኋላ ከአባቴ አፍ አልሰማሁም። ለመተዉ ምክንያቱ ያ ይሁን ሌላ አልጠየቅሁትም፤ ስለዚህ አላውቅም።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በአዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ። የምሄድ ዕለት ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ሻንጣዬን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሳስጭን አንድ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። አቶ ኤርጃቦ ናቸው። በለበሱት ኮት የደረት ኪስ ላይ ትንሽ እርሳስ ተሰክታለች። በመሠረተ ትምህርት፣ በሀዲይኛ፣ ፊደል መቁጠራቸውንና የምስክር ወረቀት መቀበላቸውን ነገሩኝ። ፊደሉ ያው ነውና አማርኛውንም እየታገሉ ያነባሉ።

"አነበብኩት" አሉኝ።

ምን እንዳነበቡ መጠየቅ አላስፈለገኝም። "አጠፋሁ፣ አባባ" አልኩ።

"ምን አጠፋህ? አንተ ያልኩትን አነበብክ። ያ ሰውዬ ነው ያላልኩትን የጻፈ። ቅቤዬን በልቶ!" ቅቤው ከነገሩ ሁሉ ይልቅ ያናደዳቸው ይመስል ነበር። "ስንት ጊዜ ይዤው ቆምኩ መሰለህ። ሹሙ ደጅ፣ ዝናብ ላይ። ልመና ይዤ ኖሯል የቆምኩት።"

"ታዲያ ወረቀቱን ጣሉት?"

"ለምን እጥላለሁ? ገና መቼ አለቀ።"

በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ አቀበሉኝ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ከጫኞቹ መሃል ቆመው ነበር። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ስለ ሞታቸው የሰማሁት ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ቤተሰብ ልጠይቅ ሆሳዕና በሄድኩበት፣ ለገበያ ከመጣ የጊምቢቹ ሰው ነው።

ዛሬ ስለ ንጉሡ ዘመን የሚደረገውን ክርክር በየጊዜው እሰማለሁ፤ በቴሌቪዥን፣ በካፌ፣ በዘመድ ልቅሶ ላይ ሳይቀር። አንዱ ወገን የጠፋ ገነት ያያል፣ ሌላው ሲኦል። ያኔ በሹክሹክታ የሚነገረውና ሰው የሚያሳስረው ናፍቆት ዛሬ ባንዲራ ሆኖ ይውለበለባል፤ ያኔ መግቢያው ላይ የተሰቀለው የጭቁን ድምፅም እንዲሁ። ማናቸውንም ስሰማ መዝገብ ቤት ቁጭ ብሎ ማመልከቻ የሚመልስ አባቴና ዝናብ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ይታዩኛል። ሁለቱም በዚያው መንግሥት ሥር፣ በዚያችው ከተማ ነበሩ። እኔ ራሴም የፈረምኩበት ግልባጭ አለ፤ የት እንደገባ አላውቅም። አንድ ሰው አግኝቶ ፎቶውን ቢለጥፈው እንደ ማስረጃ ይጠቀስ ይሆናል። ትክክለኛ ነው ይላልና።

አውቶቡሱ በመጨረሻ ሞላ። ቡታጅራን እንዳለፍን ቴሌግራሙን ከፈትኩና ፎቶውን በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ማኅተሙን አልፌ ወደ ታች ወረድኩ። ስማቸው አለ። የተቃጠለው ጥግ አለ። "በጌታዬ መሬት" የሚለው ሁለት ቦታ ላይ ይገኛል። ሁለቱም ቦታ "በጌታዬ" የሚለው ቃል ላይ በእርሳስ ተሰርዞበታል። ከላዩ፣ በትልልቅ ፊደል፣ "በአባቴ" ተብሎ ተጽፏል።